የማይታየው ንጽሕና
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በክልል ሆስፒታሎቻችን ስላለው የንጽሕና አጠባበቅና በሆስፒታል ውስጥ ስለሚጋቡ በሽታዎች መከላከል በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በመጋበዜ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም። ከመካከላችን ስለ ንጽሕና ያልተማረ፣ ያላስተማረ፣ በሆስፒታል ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ያልለጠፈ ወይም ሲለጠፍ ያላየ አይገኝም። ይሁን እንጂ ብዙ የተነገረለት ጉዳይ ሁሉ ብዙ የተሠራለት ነው ማለት አይቻልም። እንዲያውም አንድ ነገር ዘወትር ሲነገር ጆሮ ይለምደዋል፤ ጆሮ የለመደውንም ነገር እጅ ይዘነጋዋል።

ስለዚህ ዛሬ የቆምሁት ንጽሕና መልካም ነገር መሆኑን ለማስረዳት አይደለም። ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሆስፒታል ውስጥ ንጽሕና ራሱ ሕክምና መሆኑን ነው። ሕክምና ከሆነ ደግሞ እንደ ማናቸውም ሕክምና መጠን፣ ሰዓት፣ መዝገብና ኀላፊ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል። አንድ ነርስ መርፌ ሲወጋ የመድኃኒቱን መጠን፣ የተሰጠበትን ሰዓትና የራሱን ፊርማ በሕሙሙ ካርድ ላይ ያሰፍራል። የአዋላጅ ክፍሉ አልጋ መቼ፣ በምን፣ በማን እንደ ተወለወለ ግን በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚጠይቅ የለም። ጉድለታችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በሆስፒታል ውስጥ ሁለት ዐይነት ንጽሕና አለ። አንደኛው ለዓይን የሚሆነው ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ ግቢው ይጠረጋል፣ አበባው ይኰተኰታል፣ የመተላለፊያው ወለል ያብረቀርቃል። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ የሕሙሙን መንፈስ ያሳርፋል። ሁለተኛው ግን ለቁስል የሚሆነው ንጽሕና ነው። ይህኛው በሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከቧንቧው ውኃ መውረዱ፣ በማምከኛው መሣሪያ ውስጥ ያለው ሙቀት ከተገቢው መጠን መድረሱ፣ የጨቅላው አክታ መሳቢያ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ሳይጸዳ አለመሻገሩ ነው። ጎብኚ አያየውም። ሕሙሙም ራሱ አያየውም። የሚታወቀው በጠፋ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ብዙውን ጊዜ ስሙ ተለውጦ «ትኩሳት»፣ «የቁስል መመርቀዝ» ወይም «የሕፃኑ አቅም ማነስ» ተብሎ ይመዘገባል።

1. ከታሪክ የምናገኘው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከወለዱት 100 እናቶች 11 ያህሉ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት 3 አይሞሉም ነበር። የከተማይቱ ሴቶችም ይህን ዐውቀው ወደ ሐኪሞቹ ክፍል እንዳይመደቡ ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም የልዩነቱን ምክንያት ሲመረምር ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል ወጥተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ እንደሚሄዱ አስተዋለ። በ1847 አጋማሽም ማንም ሰው ወላድ ከመመርመሩ በፊት እጁን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ከ100 እናቶች 18 ያህል የነበረው ሞት በጁን ወር ወደ 2 ያህል ወረደ።

ከዚህ ታሪክ ሁላችንም የእጅ መታጠብን ጥቅም ተምረናል። ሁለት ሌሎች ትምህርቶች ግን ችላ የተባሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ በሽታውን ከአስከሬን ወደ ወላድ ያሻገረው ያልተማረ እጅ ሳይሆን የተማረ እጅ መሆኑ ነው። ዕውቀት ብቻውን እጅን አያነጻም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተሐዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና በውል ሳይታወቅ እውነቱን ያጋለጠው ነገር መዝገብ መሆኑ ነው። የሁለቱ ክፍሎች ሟቾች በየወሩ ባይቆጠሩ ኖሮ ልዩነቱን ማንም ሊያስረዳ አይችልም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያዎችን፣ ማለትም ሳኒታሪያኖችን፣ በአንድ ጣራ ሥር ያሠለጥን ነበር። ሐሳቡም ሦስቱ ባለሙያዎች እንደ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲሠማሩ ነበር። መሥራቾቹ ንጽሕና በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ተገንዝበዋል። ከዚያ ወዲህ ግን የንጽሕና ባለሙያው ዕውቀት ይበልጡን ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ፣ በምንጭና በመጸዳጃ ቤት ሥራ ላይ ዋለ። በሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ንጽሕና ደግሞ ከጥበቃና ከአትክልት እንክብካቤ ጋር ተደምሮ በጠቅላላ አገልግሎት ሥር ወደቀ። ሕክምናው በአንድ በር፣ ንጽሕናው በሌላ በር ገባ።

2. የችግሩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ አጣዳፊ ሕክምና ለማግኘት ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል በበለጸጉት አገሮች 7፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 15 ያህሉ ይዘውት ያልመጡት ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ከሆስፒታሉ ይይዛቸዋል። በዚህ ከሚያዙት ከ10 አንዱ ሕይወቱን ያጣል። ያው ዘገባ የእጅ ንጽሕናና ሌሎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች ቢሠራባቸው ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱትን መከላከል እንደሚቻል ይገልጻል። በሕክምና ዓለም ይህን ያህል ፍሬ በዚህ ያህል ዋጋ የሚሰጥ መድኃኒት ጥቂት ነው።

በክልል ሆስፒታል ላይ ሸክሙ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሕሙሙ ከሩቅ ገጠር ዘግይቶ ይደርሳል፤ ደሙ አንሶ፣ ሰውነቱ ደክሞ ይተኛል። የአልጋው ቁጥር ከሕሙማኑ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። በአልጋና በአልጋ መካከል ሊኖር የሚገባው ቢያንስ የ1 ሜትር ርቀት በተጨማሪ ፍራሽ ይሞላል። የላቦራቶሪ ክፍሉ ባክቴሪያ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለመለየት የማይችልበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በግምት ጠንካራውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያዝዛል። መድኃኒቱ ደካማውን ተሐዋሲ ገድሎ ብርቱውን ያተርፋል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ክሌብሴላን የመሰለ ባክቴሪያ መድኃኒት ተለማምዶ ሲቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ቢላክም የሚያድን መድኃኒት የሚታጣበት ጊዜ አለ። በንጽሕና ያልተከፈለ ዕዳ በመድኃኒት ሊከፈል ቢሞከር ወለዱ ይከብዳል እንጂ ዕዳው አይወርድም።

ምንም አልተሠራም ለማለት ግን አልፈልግም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ለጤና ተቋማት የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ አውጥቷል። በ2010 የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ተከትሏል። በ2014 ደግሞ «ካሽ» በሚል አጭር ስሙ የምናውቀው፣ ጤና ተቋማትን ንጹሕና ለሕሙማን ደኅንነት የተጠበቁ ለማድረግ የታቀደው እንቅስቃሴ ተጀምሯል። መመሪያ አላጣንም። የሚቀረን መመሪያው የሚያዘውን በየቀኑ የሚፈጽመውን ሰው፣ የሚሠራበትንም ውኃና መሣሪያ ማሟላት ነው።

3. ውኃ በሊትር ሲሰላ

ስለ ንጽሕና ተናግሮ ስለ ውኃ አለመናገር ስለ እርሻ ተናግሮ ዝናብን እንደ መርሳት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መለኪያ ለአንድ ተመላላሽ ታካሚ 5 ሊትር፣ ለአንድ የተኛ ሕሙም በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ወይም ወሊድ 100 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል።

እስቲ ይህን 100 አልጋ ባለው ሆስፒታል ላይ እናስላው። አልጋዎቹ ሁሉ ሕሙም ቢተኛባቸው በቀን ከ4000 እስከ 6000 ሊትር ይፈልጋሉ። 200 ተመላላሽ ታካሚዎች ቢመጡ 1000 ሊትር ይጨመራል። ቀዶ ሕክምናውና ወሊዱ በድምሩ 8 ቢሆን ሌላ 800 ሊትር ይሆናል። ጠቅላላው ከ5800 እስከ 7800 ሊትር መሆኑ ነው፤ በየአልጋው ሥር የሚያድሩትን አስታማሚዎች ገና አልቈጠርንም። እንግዲህ 10000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ በግቢው ውስጥ በመቆሙ ብቻ «የውኃ ችግራችን ተፈቷል» ማለት አይቻልም። የከተማው መስመር ቢቋረጥ ሮቶው ሁለት ቀን ሙሉ አያደርስም። በሦስተኛው ቀን የማዋለጃ ክፍሉ በጄሪካን ይሠራል፤ በጄሪካን የሚሠራ ክፍል ደግሞ በመጀመሪያ የሚቈጥበው እጅ መታጠቢያውን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሆስፒታል የዕለት የውኃ ፍላጎቱን በሊትር አስልቶ ሊያውቅ፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜም የትኞቹ ክፍሎች ቅድሚያ እንደሚያገኙ በጽሑፍ ሊወስን ይገባል። የማዋለጃ ክፍል፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍልና የማምከኛ ክፍል የመጨረሻዋን ጠብታ ሊያገኙ ይገባል። የአስተዳደር ሕንጻው ቧንቧ እየፈሰሰ የማዋለጃው ቢደርቅ ጉድለቱ የውኃ ሳይሆን የፍርድ ነው።

4. እጅ ማስታጠብ

በአገራችን ልማድ ለእንግዳ ማዕድ ሲቀርብ አስተናጋጁ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ወደ እንግዳው ይቀርባል እንጂ እንግዳውን «ተነሥና ውኃ ፈልግ» አይለውም። ይህ የአክብሮት ልማድ ብቻ አይደለም፤ ታላቅ የአሠራር ብልሃትም ነው። እጁን የሚታጠበው ሰው ከመታጠቢያው ጋር በሚገናኝበት ቦታና ሰዓት ያገናኘዋል። በሆስፒታል ግን ተቃራኒውን አደረግን። መታጠቢያውን ከክፍሉ ጫፍ ተከልንና 30 ሕሙማን የምትጠብቀውን ነርስ ከእያንዳንዱ ሕሙም በኋላ ወደዚያ ተመላለሺ አልናት። ይህ ትእዛዝ ከሰው አቅም በላይ መሆኑን ለማወቅ የክፍሉን ርዝመት በእርምጃ መለካት ይበቃል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ወስኗል፤ ሕሙሙን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ወይም የመከነ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ሊነካ ከቻለ በኋላ፣ ሕሙሙን ከነኩ በኋላ፣ በሕሙሙ ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። ይህን ሁሉ በሩቅ ቧንቧ መፈጸም ስለማይቻል ያው መመሪያ በሕሙሙ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የእጅ ማሻ አልኮል እንዲኖር ያዛል። በሳሙናና በውኃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ሲወስድ አልኮሉ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃዋል።

አልኮሉንም የሆስፒታሉ ፋርማሲ ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። 96 በመቶ የሆነ ኤታኖል 8333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ የሆነ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር ተቀላቅሎ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 10 ሊትር እስኪሞላ ይጨመርበታል። ከዚያም ተሸፍኖ 72 ሰዓት ከቈየ በኋላ ለሥራ ይውላል። ኤታኖል በአገራችን የስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲመረት የቈየ ነገር ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ለነዳጅ የተዘጋጀው ለእጅ እንዳይውል ደረጃውን ማረጋገጥና፣ ማዘጋጃው ክፍል ከእሳት የራቀ እንዲሆን ማድረግ ነው። በግልጽ ያደፈ ወይም ደም የነካው እጅ ግን በአልኮል አይነጻም፤ ሳሙናና ውኃ ይፈልጋል። ጓንትም ቢሆን የእጅ መታጠብ ምትክ አይደለም። አንዱን ጓንት አጥልቆ አምስት ሕሙማን የሚነካ ሰው የሚጠብቀው ራሱን እንጂ ሕሙማኑን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኮቪድ 19 በሽታ አገራችን ሲገባ በየሆስፒታሉ በር መታጠቢያ ተተከለ፤ አልኮል ያልያዘ ሰው ጥቂት ነበር። ፍርሃቱ ሲበርድ ብዙዎቹ መታጠቢያዎች ደረቁ። ያ ጊዜ አንድ ነገር አስተምሮናል። በቅቶ ከቀረበልን እጃችንን መታጠብ እንደምንችል አሳይቶናል። በፍርሃት የተተከለ ልማድ ግን ሥር እንዲሰድድ የሚያጠጣው ይፈልጋል።

5. የደጋው አገርና የማምከኛው መሣሪያ

አሁን ደግሞ ለአገራችን ባሕርይ የተለየ ወደ ሆነ ጉዳይ ልለፍ። ብዙዎቹ ሆስፒታሎቻችን በከፍተኛ ቦታ ላይ ይገኛሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። መሣሪያ ቀቅሎ መጠቀም በየትም ቦታ ቢሆን ማምከን አይደለም፤ በደጋ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

ይህ የታወቀ ነገር ነው። ብዙ የማይታሰበው የእንፋሎት ማምከኛው፣ ማለትም የአውቶክሌቩ ጉዳይ ነው። የታሸገ መሣሪያ በ121 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ፣ ያልታሸገ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት። ሠራተኛው ግን በብዙ ቦታ የሚያየው የሙቀት መለኪያውን ሳይሆን የግፊት መለኪያውን ነው፤ «15 ፓውንድ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው» ተብሎ ተምሯል። ይህ ትምህርት በባሕር ጠረፍ እውነት ነው። መለኪያው የሚያሳየው በውጭው አየር ላይ የተጨመረውን ግፊት ስለ ሆነ፣ የአየሩ ግፊት በሚያንስበት ደጋ ግን በዚያው 15 ፓውንድ የውስጡ ሙቀት 121 አይደርስም። በ2800 ሜትር ከፍታ ላይ ከ116 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ጉድለቱን ለመሙላት በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፓውንድ ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ ለደብረ ብርሃን ከፍታ ከ19 እስከ 20 ፓውንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚታመነው የሙቀት መለኪያው ነው፤ ደቂቃውም የሚቈጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የግፊት ጭማሪውም መሣሪያው የተሠራለትን ወሰን እንዳያልፍ የባዮሜዲካል ባለሙያ ሊመረምረው ይገባል።

መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ቈጠራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል እንደ መከነ አይቈጠርም። ቀለሙን የሚለውጠው ማሸጊያ ፕላስተር ጥቅሉ ሙቀት እንዳገኘው ብቻ ይመሰክራል እንጂ ተሐዋስያኑ መሞታቸውን አይመሰክርም። ይህም ሁሉ ከመሆኑ በፊት መሣሪያው በውኃና በሳሙና ተፈትጎ መታጠብ አለበት። ቀድሞ ያገለገሉ መሣሪያዎችን በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍን ሁላችንም ተምረን ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ግን ይህን አይመክርም፤ ደም ክሎሪኑን ያደክመዋል፣ ክሎሪኑም ብረቱን ይበላዋል። ክሎሪን ለታጠበ ወለልና ደም ለፈሰሰበት ቦታ አሁንም ጠቃሚ ነው። 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ቢበረዝ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ኀይሉ ቶሎ ስለሚጠፋም በየዕለቱ አዲስ መዘጋጀት አለበት።

6. ባልዲ የያዘችው ባለሙያ

ወደ ንግግሬ ዋና ነጥብ ደርሻለሁ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? አውቶክሌቩን የሚያቃጥለው፣ በረኪናውን የሚበርዘው፣ የደም ጨርቁን የሚያጥበው፣ የስለት ሣጥኑን ወደ ማቃጠያው የሚሸከመው በሆስፒታሉ ውስጥ ዝቅተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በሌሊት የወላዷን አልጋ ለሚቀጥለዋ እናት የምታሰናዳው የጽዳት ሠራተኛ በዚያች እናት ሕይወት ላይ ያላት ሥልጣን ከማናችንም አያንስም። ይሁንና በጠዋቱ የሥራ ርክክብ ላይ አትገኝም፤ ስሟንም የማያውቅ ሐኪም ይኖራል።

በብዙ ሆስፒታሎች የጽዳቱ ሥራ ለውጭ ድርጅቶች በኮንትራት ተሰጥቷል። የኮንትራት ሥራ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ውሉ የሚቈጥረው የሠራተኞቹን ቁጥርና የወለሉን ካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ የምንገዛው ለዓይን የሚሆነውን ንጽሕና ነው። ሠራተኛዋ በጥቂት ወራት ትለወጣለች፤ የተማረችውን ይዛ ትሄዳለች፤ አዲሲቱ የመጸዳጃ ቤቱን መወልወያ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይዛ ትገባለች። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የነገራት የለምና።

አደጋውም የሕሙማን ብቻ አይደለም። በተጠቀለለ አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ መጀመሪያ የሚወጋው እርሷን ነው። ክትባት ያልወሰደ ሰው በሽታው ካለበት ሕሙም መርፌ ቢወጋ በሄፓታይተስ ቢ የመያዙ ዕድል እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በኤች አይ ቪ የመያዙ ዕድል ግን 0.3 በመቶ ያህል ነው። ሦስት ጊዜ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሐኪሙና ለነርሷ ተሰጥቶ ለእርሷ የሚቀርበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። መርፌ የወጋት ሠራተኛም የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለባት፣ ወደ ማንስ እንደምትሄድ አስቀድማ ማወቅ ይገባታል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጽዳትና የማምከኛ ሠራተኞች፣ ቀጣሪያቸው ማንም ይሁን ማን፣ የክፍሉ የሕክምና ቡድን አባላት ተብለው ይቈጠሩ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በሚያውቁት ቋንቋ ይማሩ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከነተሐዋስያኑ ወደ አየር እንደሚያነሣ፣ ጽዳት ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች እንደሚሄድ፣ የስለት ሣጥን ሦስት አራተኛ ሲሞላ እንደሚዘጋ ይነገራቸው። ወፍራም የጎማ ጓንትና ቦቲ ጫማ ይሰጣቸው። የክፍሉ ኀላፊ ነርስም ስለ ንጽሕናቸው ከመቈጣት ይልቅ ስለ ሥራቸው ትጠይቃቸው፤ ቧንቧው መቼ እንደ ደረቀ፣ ሳሙናው መቼ እንዳለቀ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

7. አስታማሚው

በእኛ አገር ሕሙም ብቻውን አይተኛም። ዘመድ ጋቢውን ይዞ ከአልጋው ሥር ያድራል፤ ምግቡን ያመላልሳል፤ ሕሙሙን ይገለብጣል፤ ሽንቱን ይደፋል። ሕሙማንን መጠየቅ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሃይማኖት ግዴታ ነው። ይህን በዘበኛ ዱላ ለመከልከል የሞከረ ሆስፒታል አልተሳካለትም፤ ሊሳካለትም አይገባም፤ የነርሶቻችን ቁጥር ያለ አስታማሚ ሕሙማኑን አይበቃምና። የሚሻለው አስታማሚውን ማስተማር ነው። ለአንድ ሕሙም አንድ አስታማሚ ተወስኖ፣ በገባበት ሰዓት እጁን መቼ እንደሚታጠብ፣ የአጎራባቹን ሕሙም ቁስል እንዳይነካ፣ ምግብና የሽንት ዕቃ በአንድ ቦታ እንዳይቀመጡ በአምስት ደቂቃ ሊነገረው ይችላል። የሚታጠብበትና የሚጸዳዳበት ስፍራ ያልተሰጠውን ሰው ግን ስለ ንጽሕና መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

8. ያልተቈጠረው ቁስል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አንዳንድ የሆስፒታል ኀላፊ «እኛ ዘንድ የቀዶ ሕክምና ቁስል አይመረቅዝም» ሲል እንሰማለን። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቁስሏ ቢመረቅዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ እርሷ ከሆስፒታሉ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቁስል እስከ 30 ቀን ድረስ ክትትል ይፈልጋል። ሆስፒታሉ መመርቀዙን ያላየው ስላልተፈጠረ ሳይሆን ስላልጠየቀ ሊሆን ይችላል።

መጠየቁ ደግሞ ከባድ አይደለም። እናቲቱ ስትወጣ ስልክ ቁጥሯ ወይም የጎረቤቷ ስልክ ይመዘገባል፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትነገራለች፤ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን «ቁስሉ እንዴት ነው?» ተብላ ትጠየቃለች። መልሱ በአንድ ደብተር ይሰፍራል። በወሩ መጨረሻ ከስንት ስንቱ እንደ መረቀዘ ይታወቃል። በመጀመሪያው ወር ቁጥሩ ያስደነግጥ ይሆናል። የሚያስደነግጥ ቁጥር የያዘ ሆስፒታል ግን ቁጥር ከሌለው ሆስፒታል ይሻላል። ቁጥሩ ለቅጣት ሊውል ግን አይገባም፤ ለቅጣት የዋለ ዕለት መዝገቡ እውነት መናገር ያቆማል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ማኅበራችን የውኃ መስመር መዘርጋት ወይም ሆስፒታል መገንባት አይችልም። ሦስት ነገሮችን ግን ማድረግ እንችላለን። እያንዳንዳችን ወደ መጣንበት ሆስፒታል ስንመለስ የዕለቱን የውኃ ፍላጎት በሊትር፣ የአውቶክሌቩን ሙቀት በዲግሪ እንጠይቅ። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ላይ ከየሆስፒታሉ የ30 ቀን የቁስል መዝገብ ይዘን እንቅረብ፤ ስሙ ሳይጠቀስ ቁጥሩ ይነበብ። የማኅበራችንም ሥልጠና ከእንግዲህ ወዲህ ለጽዳትና ለማምከኛ ሠራተኞች ክፍት ይሁን፤ ከሥልጠናው በኋላም እንደ ማናችንም የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው።

ሰው ከሩቅ አገር ታሞ ሲመጣ ልጁን፣ እናቱን፣ ሚስቱን ለእኛ አደራ ብሎ ይሰጠናል። ሁሉንም እንፈውሳለን ብለን አልማልንም፤ ይዞት ባልመጣው በሽታ እንዳይሞት ማድረግ ግን የአደራው መጀመሪያ ነው።